ስም የጠፋበት አስማት

ደሴ፣ ፒያሳ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ከራሱ ላይ ሳያወርድ የዋለበት ቀን ነው፤ ብርዱ ሰውን ሁሉ ወደ ቡና ቤቱ በረንዳ አስጠግቶታል። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ሦስት ሰዎች ካርታ ይዘዋል። ጨዋታው ሲሰለቻቸው በዕድሜ የሚበልጠው ካርታውን ሰበሰበ፣ 21 ቆጥሮ ለየ፣ የቀረውን ከስኳር ዕቃው ሥር ወሸቀ። የለየውን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ በ3 ሰልፍ አደለው፤ በየሰልፉ 7። ካርታዎቹ ከብዙ እጅ የተነሣ እንደ ጨርቅ ለስልሰዋል፤ የአንዷ ጥግ ተቀዶ በፕላስተር ተጣብቋል።

«አንዷን በልብህ ያዝ፤ እንዳትነግረኝ። ያለችበትን ሰልፍ ብቻ አሳየኝ» አለው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ጎረምሳ።

ጎረምሳው አሳየ። ሰውዬው ሦስቱን ሰልፍ ሰብስቦ እንደገና አደለ። ደግሞ አሳየ። ሰበሰበ፣ አደለ። ለሦስተኛ ጊዜ አሳየ። ከዚያ ሰውዬው ካርታውን ደፍቶ ያዘና አንድ በአንድ እያወጣ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ፣ ዳዊት የሚደግም መስሎ ቆይቶ አንዷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ገለበጣት። ጎረምሳው «ወላሂ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

«አብሽር፣ ቁጭ በል» አለው ሰውዬው።

ብልሃቱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ተማሪ ሳለሁ ከመጨረሻው ወንበር ስንቱን አስደንግጬበታለሁ። ስለዚህ የካርታዋ መገኘት አልደነቀኝም። የጠየቅሁት ሌላ ነገር ነው።

«ወንድሜ፣ ይቺን ከማን ተማርካት?»

«ከአንድ የአሰብ መስመር ረዳት። መኪናቸው ኮምቦልቻ ሲያድር እንገናኝ ነበር።»

«እሱስ ከማን?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «ካርታ ነው እኮ! ከማን ተማረ ይባላል እንዴ?»

ይባላል ብዬ ነው ይህን ዳሰሳ የጻፍኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ያንኑ እጠይቃለሁ። አንዲት ሴት ከአያቷ ተማረችው፤ አያቷ ደግሞ አስመራ ሳሉ። ሸዋ በር ያገኘሁት ጡረተኛ ወታደር «ከጦር ሰፈር» አለኝ፤ ዘብ ያልደረሳቸው ሌሊቱን የሚገፉት በዚህ ነበር። ሳዑዲ ሠርቶ የተመለሰ ልጅ አብሮት ይኖር ከነበረ ሱዳናዊ ለመደው። አንዱ አጎቱ ራሱ እንደፈጠረው ማለልኝ። «ሌላ ሰው ሲሠራው አይተህ አታውቅም?» ብለው «ከአጎቴ ሰርቀው ነዋ!» አለ፣ ፈገግ ሳይል። ሁሉም መልስ አንድ ትውልድ፣ ቢበዛ ሁለት ይሄድና ስም በሌለው ሰው ደጃፍ ይቆማል፤ ረዳቱ፣ ሱዳናዊው፣ የጦር ሰፈሩ ሰው።

እዚህ ላይ ቃላችን ራሱ ይታዘበናል። «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት። ደብተራው ክታብ ላይ የሚያሰፍራቸው ኅቡዕ ስሞች ናቸው ውለው አድረው ቃሉን ለምትሃት ሁሉ መጠሪያ ያደረጉት። ሰውዬው ፒያሳ በረንዳ ላይ ያሳየው አስማት ግን ሁሉ ነገር አለው፣ ስም ብቻ የለውም።

መጀመሪያ ብልሃቱን ልግለጠው፤ ምስጢር አባከንክ የሚለኝ ካለ ይህ ምስጢር በመጽሐፍ ከወጣ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሙሉ ጥበቡ አንድ ነገር ነው፤ ተመልካቹ ያሳየው ሰልፍ ሲሰበሰብ ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል ይገባል። መጀመሪያ ሲሰበሰብ የታሰበችው ካርታ ከ8ኛ እስከ 14ኛ ባለው ቦታ ውስጥ ናት። እንደገና በአግድም፣ ሦስት ሦስት እያሉ ሲያድሉ እነዚያ 7 ቦታዎች በየሰልፉ 3ኛ፣ 4ኛና 5ኛ መደዳ ላይ ይወድቃሉ፤ ሌላ የት ይሂዱ? ያ ሰልፍ ደግሞ መሐል ሲገባ ካርታዋ 10ኛ፣ 11ኛ ወይም 12ኛ ናት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲታደል እነዚህ ሦስቱ የየሰልፋቸው 4ኛ ሆነው አንድ መስመር ላይ ይቀመጣሉ። ተመልካቹ ለሦስተኛ ጊዜ በጣቱ ሲያሳይ ነገሩ አልቋል፤ ካርታዋ የዚያ ሰልፍ እምብርት ናት። የቀረው ሁሉ፣ መሰብሰቡም፣ እስከ 11 መቁጠሩም፣ የከንፈሩ መነቃነቅም፣ ቲያትር ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው ቲያትሩን ነው። የፒያሳው ሰውዬ 11ኛዋን አልፎ ሁለት ካርታ ካወጣ በኋላ ነበር «የለም፣ የለም» ብሎ የተመለሰው። ያንን ከየትም መጽሐፍ አላገኘውም።

ለምን ይህኛው? የካርታ ብልሃት ሺህ ነው፤ ከሺሁ ግን ከአስመራ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከጦር ሰፈር እስከ ሳዑዲ ያለ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ለኔ ምክንያቱ ከስኳር ዕቃው ሥር የተወሸቀው ነው። በእኛ ቡና ቤቶች 52 ሆኖ የተሟላ ካርታ ማግኘት ብርቅ ነው። አንዷ ጠፍታለች፣ አንዷ ሻይ ፈሶባታል፣ ጆከሩ የሌላውን ቦታ ተክቶ ያገለግላል። አብዛኛው የምዕራባውያን ጥሩ ብልሃት ሙሉ ካርታ፣ አዲስ ካርታ፣ የሚንሸራተት ካርታ ይፈልጋል። ይህ 21 ብቻ ይበቃዋል፤ የትኞቹ 21 እንደሆኑ ግድ የለውም። የእጅ ፍጥነትም አይሻም። በጉርድ ፎቶግራፍ ይሠራል፣ ስም በተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይሠራል፤ እኛ ተማሪ ሳለን በሴቶች ልጆች ስም እንሠራው ነበር፣ ዝርዝሩ ይቅር። ድህነትና ጉድለት የሚችለው ብልሃት ነው የተረፈው።

ወደ መጽሐፉ እንሂድ። በጽሑፍ የተገኘው የመጀመሪያው የካርታ ብልሃት ጣሊያናዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቺዮሊ እ.ኤ.አ. በ1500 ገደማ በጻፈው የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ፓቺዮሊ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወዳጅ ነበር፤ የሒሳብ መዝገብ አያያዝን በመጽሐፍ ያሳተመም እሱ ስለሆነ የሒሳብ ሠራተኞቻችን ሳያውቁት በየወሩ ያከብሩታል። ያ የእጅ ጽሑፍ ግን ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቆይቶ ለኅትመት የበቃው በ1997 ነው። አምስት መቶ ዓመት! በመካከሉ ስንት ሰው «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ብሎ ይሆን።

የእኛው የሦስት ሰልፍ ጨዋታ በግልጽ የሚገኘው በፈረንሳዊው ክሎድ ጋስፓር ባሼ ዘንድ ነው። ባሼ በ1612 ሊዮን ከተማ «በቁጥር የሚሠሩ አስደሳች ጥያቄዎች» ማለት የሚቻል መጽሐፍ አሳተመ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ በሰልፍ ከተደረደሩ ካርታዎች መካከል የታሰበችውን መለየት ነው። ባሼ የተጠቀመው 21 ሳይሆን 15 ካርታ ነው፤ 3 ሰልፍ፣ በየሰልፉ 5። ይህ ሰው ቀልደኛ ብቻ አልነበረም። በ1621 የጥንቱን የዲዮፋንተስን የሒሳብ መጽሐፍ ከላቲን ትርጉሙ ጋር ያሳተመ እሱ ነው፤ ፒየር ደ ፌርማ «ማስረጃው አለኝ፣ ኅዳጉ ግን አይበቃውም» የሚል ማስታወሻ የሞነጨረውም በዚያው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ነው። ማስረጃ ታትሞ የወጣው በ1995 ነው፤ ያወጣውም ሌላ ሰው፣ እንግሊዛዊው አንድሩ ዋይልስ ነው። ቲዮረሙ ግን ዛሬም የሚጠራው በፌርማ ነው። ኅዳጉ ላይ ስሙ መጀመሪያ ገብቷላ።

ባሼ ጨዋታውን ፈጠረው ማለት ነው? የመጽሐፉ መንፈስ እንደዚያ አይደለም። በጊዜው ሰዎች በቤታቸው የሚጫወቱትን ሰብስቦ ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት ነበር ሥራው። የፒያሳውን ሰውዬ የመሰለ አንድ የሊዮን ሰው ጠረጴዛ ላይ ሳያየው አልቀረም እላለሁ።

ከ200 ዓመት በኋላ ዮሴፍ ዲዬዝ ዠርጎን መጣ። ዠርጎን በ1810 በፈረንሳይ ለሒሳብ ብቻ የቆመ መጽሔት የመሠረተ ሰው ነው፤ በዚያው መጽሔት በ1813 እና 1814 መካከል በወጣው ቅጽ ላይ ስለ ካርታው ጨዋታ ጻፈ። የሱ ጥያቄ ከባሼ ይሰፋል፤ ሰልፉን ሁልጊዜ መሐል ማስገባት ግዴታ ነው ወይ? አይደለም። 27 ካርታ ካለህ፣ በ3 ሰልፍ 3 ጊዜ እያደልህ የታሰበችውን ካርታ ወደፈለግኸው ቦታ ማድረስ ትችላለህ። ተመልካቹን «የተወለድህበት ቀን ስንት ነው?» በለው። 20 ካለ ከካርታዋ በላይ 19 መኖር አለበት። 19 ደግሞ 1፣ ምንም 3፣ ሁለት 9 ነው። ስለዚህ የታየው ሰልፍ መጀመሪያ ከመሐል (1)፣ ቀጥሎ ከላይ (0)፣ በመጨረሻ ከታች (2) ይገባል። ስትቆጥር 20ኛዋ ላይ ትገኛለች። በ28 የተወለደ ካጋጠመህ ግን ወሬ አስቀይር። ዠርጎን ይህን ለማንኛውም ቁጥር አሰፋው፤ በ4 ሰልፍ 256 ካርታ፣ በ10 ሰልፍ 10 ቢሊዮን ካርታ። ዓለም ዛሬ ጨዋታውን «የዠርጎን ክምር» የሚለው ለዚህ ነው፤ አሜሪካዊው ማርቲን ጋርድነር በ1956 ስለ ሒሳብና ምትሃት ባሳተመው መጽሐፍ ስሙን ይበልጥ አስፋፋው።

እንግዲህ ሦስት ወንበር አለ። የሠራው፣ የጻፈው፣ ያስረዳው። ሦስተኛው ወንበር ላይ ዠርጎን ተቀምጦ ጨዋታው በሱ ይጠራል፤ ሁለተኛው ላይ ባሼ አለ፣ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ መጀመሪያው ባዶ ነው። ሰውዬው ስላልነበረ አይደለም፤ እጁ ካርታ እንጂ ብዕር ስላልያዘ ነው።

የካርታው የራሱ መንገድም እንዲሁ የተጠማዘዘ ነው። ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከግብፅ ማምሉኮች ነው የሚለው ሐሳብ ዛሬ ሚዛን የደፋ ነው። ኤል. ኤ. ማየር የተባለ ተመራማሪ በ1931 ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ውስጥ የማምሉኮችን ካርታ አግኝቷል፤ ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና የገና ዱላ የመሰለ በትር የተሳለበት። የሰው ሥዕል የለበትም፤ ማዕረግ ብቻ ተጽፎበታል፤ ንጉሥ፣ ናይብ፣ ሁለተኛ ናይብ። ፍሎረንስ በ1377 ጨዋታውን ስትከለክል የጠራችው «ናይቤ» ብላ ነው፤ ስፔኖች እስከዛሬ ካርታን «ናይፔ» ይላሉ። ናይብ! የምፅዋና የሕርጊጎ ናይቦች በታሪካችን ስንት ገጽ ይዘዋል። ያው ማዕረግ አንዱ ወደብ ሲያስተዳድር ሌላው ወረቀት ላይ ተጽፎ ባሕር ተሻገረ። ከዚያ ዞሮ በጣሊያንኛ ስም እኛ ዘንድ ደረሰ። «ካርታ» የጣሊያን ቃል ነው፣ «ፒያሳ»ም የጣሊያን ቃል ነው፤ የጣሊያኑ ማርሻል የባዶሊዮ ጦር ደሴ የገባው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን ጨዋታው ከጣሊያን ጋር መጣ ማለት አይቻልም። ቃል አንድ በር፣ ጨዋታ ሌላ በር ሊገባ ይችላል። ደሴ ራሷ ላኮመልዛ ስትባል የነበረች አገር ናት፤ ስሟ ቢለወጥም ጦሳ ከቦታው አልተነቃነቀም። (በነገራችን ላይ ኮምቦልቻ «ካርታ አለህ?» ብለው ቢጠይቁ ሰው የሚያስበው የቦታ ይዞታ ነው። ለአንዱ ደላላ እንዲህ ብዬ ስንት ካሬ እንደሆነ ጠየቀኝ።)

ስም ከባለቤቱ ውጭ ሲለጠፍ የሚያሳይ ለኛ የቀረበ ምሳሌ አለ፤ እንዲያውም ተጠቃሚዎቹ እኛ ነን። በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ብዜት» የሚባል ዘዴ ይገኛል። አብሮት የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፤ አንድ የውጭ አገር መኮንን ኢትዮጵያ ውስጥ 7 በሬ፣ አንዱን በ22 ማርትሬዛ ብር ሊገዛ ፈልጎ ሂሳቡን የሚያሰላ ይጠፋል። ቄስ ይጠራሉ። ቄሱ መሬት ላይ ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ያስቆፍራሉ፤ በአንዱ ረድፍ 7 ጠጠር ይጀምርና እየተገመሰ ይወርዳል፦ 7፣ 3፣ 1፤ ግማሽ ከተረፈ ይጣላል። በሌላው 22 ይጀምርና እየታጠፈ ይሄዳል፦ 22፣ 44፣ 88። በግማሹ በኩል ተጋማሽ ቁጥር የወደቀበት ጉድጓድ ክፉ ነው፣ ከጎኑ ያለው ይሰረዛል፤ እዚህ ሁሉም ጎዶሎ ስለሆነ የሚሰረዝ የለም። 22 ሲደመር 44 ሲደመር 88፣ 154 ብር። ትክክል ነው፤ በካልኩሌተር ሞክሩት።

ዘዴው የዛሬ ኮምፒውተር በ0 እና በ1 ከሚሠራው ጋር አንድ ሥር አለው፣ ስለዚህ ታሪኩ ሲነገር የውጭ ሰው በጣም ይደነቃል፣ እኛም ደረታችን ይነፋል። ግን ያንኑ ዘዴ ሌሎች መጻሕፍት «የሩሲያ ገበሬ ብዜት» ይሉታል። ከሁለቱም በፊት፣ ከክርስቶስ ልደት 1550 ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ አሕሞስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ በጻፈው ፓፒረስ ላይ የማጠፍ ብዜት አለ፤ እሱም ከሌላ የቆየ ጽሑፍ እንደገለበጠው ራሱ ይናገራል። አሕሞስን ለዚህ እወደዋለሁ። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት የሆነው ሰው «የኔ አይደለም፣ ገልብጬ ነው» ብሎ ፈረመ። በካርታው ጉዳይ ባለቤቱ ስም አጥቷል፤ በብዜቱ ጉዳይ ስም ያገኘነው እኛ ባለቤት መሆናችን ያልተረጋገጠ ሰዎች ነን። ሁለቱም ያው ጉድለት ነው፣ ሁለተኛው ግን ስለሚጣፍጥ አንናገረውም።

ስታቲስቲከኛው ስቲፈን ስቲግለር በ1980 ይህን በሕግ መልክ አስቀመጠው፤ የትኛውም የሳይንስ ግኝት በእውነተኛ አግኚው ስም አይጠራም። ሕጉ በራሱ እንዲሠራም የሐሳቡን ባለቤትነት ለሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን ሰጠ። ምትሃተኞች ዘንድም ማስረጃው ሞልቷል። ካርታን በየ3 ቁጥር እያራመዱ በቅደም ተከተል አሰልፎ የቀጣዩን ካርታ ማወቅ «የሳይ ስቴቢንስ አሰላለፍ» ይባላል፤ ስቴቢንስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረ አሜሪካዊ ትርኢተኛ ነው። ለዚያ በጣም የቀረበ አሰላለፍ ግን ሆራሲዮ ጋላሶ በ1593 ቬኒስ ላይ ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል። ሦስት መቶ ዓመት ይቀድማል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የኤርድኔዝ ነገር ነው። በካርታ የሚተዳደሩ ሰዎች እንደ ድጓ የሚያጠኑት መጽሐፍ በ1902 ቺካጎ ታትሞ ወጣ፤ ደራሲው ኤስ. ደብሊው. ኤርድኔዝ ይላል። እንደዚህ የሚባል ሰው የለም። ስሙን ከኋላ ወደፊት ሲያነቡት «ኢ. ኤስ. አንድሩስ» ይወጣዋል፤ እሱም የትኛው አንድሩስ እንደሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ያከራክራል። ጋርድነር በ1940ዎቹ የመጽሐፉን ሥዕሎች የሳለውን ሰው በሕይወት አግኝቶ ደራሲው ምን ይመስል እንደነበር አነጋግሮታል፤ ያም ሆኖ ነገሩ አልተዘጋም። ማለት ብልሃቱ ሁሉ በደንብ ተጽፎ፣ ተስሎ፣ ታትሞ፣ ጸሐፊው ራሱ ስሙን ሰወረ። ቁማርተኛ ከነበረ ለመሰወር ምክንያት አላጣም።

ሕጉስ? ሕግ እዚህ ብዙ አይረዳም። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተገለጠበትን መልክ ነው። የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ደግሞ የጨዋታ ዘዴና ሕግ ፓተንት እንደማይሰጠው ይናገራል። ስለዚህ 11ኛዋ ካርታ የማንም ናት። የፒያሳው ሰውዬ የ«የለም፣ የለም» አመላለስ ግን ተቀርጾ ትርኢት ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነው። አሜሪካዊው ምትሃተኛ ቴለር ይህን መንገድ ሄዶበታል። ጥላዋ ሲቆረጥ አበባዋ የምትረግፍበትን ዝነኛ ትርኢቱን በ1983 እንደ ቲያትር አስመዝግቦ ነበር፤ አንድ የአውሮፓ ምትሃተኛ አስመስሎ ሠርቶ ልሽጥ ሲል ከሰሰው፣ በ2014 ኔቫዳ ያለው ፍርድ ቤት ለቴለር ፈረደ። የተጠበቀው ብልሃቱ ሳይሆን ድራማው ነው። ፍርዱ ልክ ይመስለኛል፤ ለኛ ጥያቄ ግን መልስ የለውም፤ ስም የሚፈልገው ብልሃቱ ነውና።

እዚህ ላይ ሩቅ መሄድ የማያስፈልገን አገር ቤት ያለ ልማድ አለ። ወሎ ውስጥ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ኪታብ ሲቀራ የቀራበት ሸህ ማን እንደሆነ፣ ሸሁ ከማን እንደቀሩ፣ እሳቸው ከማን፣ እያለ የሚወጣ ሰንሰለት አለ፤ ሰነድ ይባላል። ጥሩ ደረሳ «ይህን የፈጠረው ማነው?» አይልም፤ «ይህን ያደረሰልህ ማነው?» ይላል። አንድ ቀለበት ከጎደለ ነገሩ ይደክማል። በቅኔ ቤትም ዘሩ ይቆጠራል፤ ዋድላ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ እየተባለ፣ ተማሪው ቅኔውን ሲጀምረው ቤቱ ይታወቅበታል። የቅኔ ጀማሪ ማን ነው የሚለው ክርክር ራሱ አላለቀም፤ ዮሐንስ ገብላዊን የሚያስቀድሙ አሉ፣ ተዋነይን የሚያስቀድሙ አሉ፣ ወሎና ጎጃም በዚህ ተፎካክረው ይኖራሉ። ግን ልብ በሉ፤ ክርክሩ የስም ክርክር ነው፣ ስም አለና። ደግሞ ቅኔ መፍጠር በእኛ ቋንቋ «መዝረፍ» ይባላል። የራስን ሲያወጡ ዘረፉ ይባላል፤ የሌላውን የወሰደ ግን ቀጣፊ ነው። የካርታ ሰዎች ይህን ልዩነት ቢያውቁ መልካም ነበር።

ዛሬ ዕውቅ የካርታ ምትሃተኞች ወደ ሰነዱ ቀርበዋል። አዲስ ብልሃት ሲያሳትሙ ሐሳቡን ከማን እንዳገኙ፣ ከማን ጋር እንደሚመሳሰል፣ የትኛው እጅ አያያዝ የማን እንደሆነ በስምና በዓመት ይዘረዝራሉ። ይህን ያልፈጸመ በጓደኞቹ ዘንድ ይናቃል፤ የሚቀጣው ንቀቱ ነው እንጂ ዳኛ የለም። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚቆመው ወረቀት ላይ ስለሆነ ወረቀት የማይደርስበት ሰው፣ የአሰብ መስመሩ ረዳት፣ መቼም አይገባበትም። የእኛው ሰነድ ግን ከአፍ ወደ አፍ ስለሆነ ረዳቱን መያዝ ይችል ነበር፤ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር።

ይህን ሁሉ ይዤ ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ሲጨርሱ ሙቀቱ ካፖርት ያስወልቃል። ለጎረቤት ልጅ፣ ዓመቱ 11 ቢሆነው ነው፣ ጨዋታውን አስተማርኩት፤ በ21። ሰነዱንም አብሬ ነገርኩት፤ እኔ ከወንበር ጓደኛዬ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፍቷል፣ በመጽሐፍ ግን ባሼ፣ ኋላም ዠርጎን። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ እየሰማኝ እንዳልነበረ ግን ገብቶኛል።

ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ አይተው የማያውቁት ነገር ላሳይዎት?»

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ካርታውን አደለ፤ 3 ሰልፍ፣ በየሰልፉ 5። ሰልፌን አሳየሁት፤ መሐል አስገባ። እንደገና። እንደገና። ከዚያ ደፍቶ ቆጠረ፣ 8ኛዋን ገለበጠ። የኔ ነበረች።

«በ15 እንደሚሠራ ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማንም። ሌሎቹን እህቴ ቀደደችብኝ። ሞከርኩት፣ ሆነ።»

ማስታወሻዬን አወጣሁ። ባሼ፣ 1612፣ 15 ካርታ የሚለው ገጽ ላይ ከሥሩ ቦታ ነበረ። ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠይቄ ጻፍኩ።

«ምን ሊያደርጉበት ነው?» አለኝ፣ ካርታውን እየበወዘ።